አምስት ዜሮ

ህዳር ነው፣ ታርቱ ላይ። በረዶ ያዘለ ዝናብ
የሦስተኛ ፎቅ መስኮቴን ሲደበድብ፣
ከኤማዮጊ ወንዝ ማዶ መብራት አንድ በአንድ ሲጠፋ
አንድ መልእክት ከፊቴ፤ ሦስት መስመር፣ የከፋ፦
«ፕሮግራሜ አድራሻ ሰጠ፤ ርዝመትም ነገረ።
ከርነሉ እሺ አለ። ማሽኑ ወደቀ፤ ቀረ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ
ወረድሁ ወደ ኮዱ፣ ሻዬን ከነማንኪያው ጥዬ።
እዚያ ታች ድንበር አለ፤ ከወዲህ ለሁሉ፣
ከወዲያ ለከርነሉ፤
የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ቁልፍ፣ እዚያ ነው የሚውሉ።
በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፤ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቅ፦
«መነሻህ ከድንበር ወዲህ ነው?
መነሻና ርዝመትህ ሲደመር ድንበር አያልፍም? ልወቅ።»

የዛሬው እንግዳ መነሻው ንጹሕ ነበር፤
ርዝመቱ ግን የትየለሌ፣ የማይሰፈር፤
ሲደመር ሄደ፣ ሄደ፣ የቁጥርን ዳርቻ አለፈ፣
ዞሮ ከዜሮ ጀመረ፤ ትንሽ ሆኖ ተጻፈ።
ዘበኛው ትንሽ ቁጥር አየ። «እለፍ» አለ፤ አሳለፈ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤
ይኼኛው አጥር አልነካም፤ በር አንኳኩቶ ገብቷል።

ወንበሬን ገፋ አድርጌ እጄን ከቁልፎቹ አነሳሁ።
ይህን ዜሮ አውቀዋለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የአባቴ የካልዩ ላዳ
በፐልቫ መንገድ፣ ከጥድ ጫካው ጓዳ፣
አምስት ዘጠኝ ደረደረች። አባቴ ፍሬን ያዘ፤
በእግር ፍጥነት አስኬዳት፤ ዓይኑ ቆጣሪው ላይ ፈዘዘ።
ቁጥሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ እንደ ብርድ ቀን ጥርስ፤
አምስቱም ዜሮ ሆኑ፣ ያለ ድምፅ፣ በአንድ እስትንፋስ።
«ተወለደች!» አለ አባቴ፤ ከረሜላ ሰጠኝ፤
ያን ቀን ሂሳብ ሳቅ ያለው ነገር መስሎ ተሰማኝ።

በጸደይ ሸጣት፣ ለኤንዴል፣ ወተት ለሚያመላልስ፤
«አራት ሺ ኪሎ ሜትር ብቻ» እያለ፣ መሪዋን ሲዳስስ።
ቆጣሪው አልዋሸም። አራት ሺ ነው ያለው።
ኤንዴልም ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ አመነው።
የፔዳሉን ጎማ ግን፣ የተበላውን፣ ማንም አላየው።

በመጀመሪያው ብርድ ሞተሩ መንገድ ላይ ነከሰ፤
አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግሩ፣
የወተት ጣሳ ተሸክሞ፣ በበረዶ ውስጥ ደረሰ።
በነጋታው ደጃችን ቆመ። ጠብ መጣ ብዬ ተደበቅሁ፤
በበሩ ስንጥቅ ጠበቅሁ።
አንድ ጓንት ዘረጋ፤ የኔን፣ ከወንበር ሥር ያገኘውን፤
«የልጅህ ነው» አለ። ሌላ ምንም። ያዘ መንገዱን።

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ መስመር ሰርዤ ሁለት ጻፍሁ፦
መጀመሪያ ርዝመቱን መዝን፤ ከድንበር ከበለጠ ይመለስ፤
ካልበለጠም አትደምር፤ ከድንበሩ ላይ ቀንስ፤
የተረፈውን ከመነሻው ጋር አስተያይ፤ ያኔ በሩን ክፈት።
በልኩ የተቀነሰ አይዞርም፤ አይዋሽም በድንገት።

ስህተቱ ወንድሞች ነበሩት፣ ሰባት ቦታ ተቀድቶ፤
አንዱ የኔ ሆኖ አገኘሁት፣ ከነስሜ ተኝቶ።
ሰባቱንም ነቀልሁ፤ ለሂልዬ ላክሁ፤ ታሊን ናት፤
እንቅልፍ አታውቅ፣ ምሕረትም፣ የሰው ኮድ ሲሰጣት።
መልሷ አንድ መስመር፦ «ርዝመቱ ዜሮ ቢሆንስ?
ምንም ሳይጠይቅ የመጣ ከበር ይመለስ?»

አላሰብሁትም ነበር።
ጫፉ ላይ ቆሞ፣ አንዲት ባይት የማይወስድ፣ የማይነካ፣
ዘበኛዬ አንቆ ሲመልሰው አየሁ። ለካ
አንድ የእኩል ምልክት ጎድሎኛል። ጨመርሁ።

ማብራሪያው ላይ ብዙ ጻፍሁ፤ መልሼ ፋቅሁት። የቀረው፦
«ቁጥሩ እውነት ነበር። ጥያቄው ነው የጎደለው።»

ኤንዴል ሰማንያ አራት ሞላው፤ እዚያው ፐልቫ፤ ስልኩ አለኝ፤
ላሞቹ ካለቁም ወዲህ ሳይነጋ ይነሣል አሉኝ።
ሰባት አሃዝ ነው። ስድስቱን ነካሁ።
ምንም አልጠየቀንም፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ?